የተጨነቀ ሹፌር የማያየው፦ ውጥረትና የመንዳት ደኅንነት በመሀል አዲስ አበባ

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ መኪና አደጋ ሲወራ ቶሎ የሚነሱት ፍጥነት፣ መጠጥ፣ የፍሬን ችግርና የመንገዱ ሁኔታ ናቸው። ሁሉም እውነተኛ መንስኤዎች ናቸው፤ አንዳቸውንም አቅልዬ አላያቸውም። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ከእነዚህ ከብዙዎቹ ጀርባ የሚገኘውን፣ በአደጋ መዝገብ ላይ ግን እምብዛም የማይጻፈውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም መሪ የጨበጠው ሰው በዚያች ሰዓት በውስጡ ተሸክሞት የሚነዳው ውጥረት ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። ውጥረት ከሹፌር ላይ አስቀድሞ ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ ከጎን የሚመጣውን ልብ የማለት ችሎታ ነው፤ በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸው ከሚያልፍ ሰዎች መካከል ደግሞ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ እግረኛ የሚመጣውም ከጎን ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሹፌር ውጥረት የራሱ የሹፌሩ የጤና ጉዳይ ነው ተብሎ ሊተው አይችልም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ ያልነበረ ሰው ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህም 92 ከመቶ የሚሆኑት የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። በቁጥሩ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም፤ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን መመልከቱ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅመናል።

የሰው ሰውነት አደጋ የተጋረጠበት ሲመስለው ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚዘጋጅ ያስረዱት አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ናቸው። ሃንስ ሴልዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ሰውነት ለልዩ ልዩ ዓይነት ጉዳቶች አንድ ዓይነት አጠቃላይ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ምላሹ ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቀቅና በሰከንዶች ውስጥ ልብ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሁለተኛው ዘግየት ያለ ነው፤ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ነገሩ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሲሆን፣ ወደነበረበት ለመመለስ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

ይህ የጊዜ ክፍተት ለሹፌር ትልቅ ትርጉም አለው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከትዳር ጓደኛው ጋር ተጋጭቶ በሩን በኃይል ዘግቶ የወጣ ሰው፣ ከሳሪስ ተነሥቶ 2 ሰዓት ገደማ መስቀል አደባባይ ሲደርስ ንዴቱ የበረደለት ይመስለዋል። ሬዲዮ ከፍቷል፤ ስለ ሥራው ማሰብ ጀምሯል። ሰውነቱ ግን ገና አልበረደም፤ እንዲያውም ኮርቲዞሉ ጣሪያ የሚነካው ብዙ መሥመር፣ ብዙ እግረኛና ብዙ መኪና ባንድ ጊዜ መከታተል በሚኖርበት በዚያው አደባባይ ላይ ሊሆን ይችላል። ሰው ራሱን «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ የሚመዝነው በሐሳቡ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ከሰውነት ቀድሞ ይረጋጋል። መንጋጋው አሁንም እንደተነከሰ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው እንደተሰበሰበ፣ ጣቶቹም መሪውን ከሚገባው በላይ አጥብቀው እንደያዙ መሆናቸውን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ኢስተርብሩክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረቡት ጥናት፣ ሰው በስሜት ሲወጠር ባንድ ጊዜ የሚጠቀምባቸው መረጃዎች ቁጥር እየጠበበ እንደሚሄድ አስረድተዋል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርምሮችም ይህንኑ የትኩረት መጥበብ ደግመው አይተውታል። የተወጠረ ሰው ለዓላማው ዋና መስሎ የታየውን ነገር ከወትሮው አጥብቆ ይይዛል፤ ዳር ዳር ያለውን ግን ይጥለዋል። ዐይኑ አልታመመም፤ ብርሃኑም ወደ ዐይኑ መግባቱን አላቋረጠም፤ ሆኖም እያየ ልብ አይልም። ከአደጋ በኋላ ሹፌሮች «ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ድንገት ነው ያየኋት» ሲሉ ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ እኔ ይህን አባባል እንደ ውሸት አልቆጥረውም። አብዛኞቹ በእርግጥ አላዩም። መጠየቅ ያለብን ለምን እንዳላዩ ነው።

አንድ ሁኔታ በዝርዝር እንመልከት። ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል፤ ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ላይ ዝናብ ያካፋል። አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ በቀኝ መሥመር ዜብራው አጠገብ ቆሟል፤ ወያላው ከበሩ ወጥቶ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ከሚኒባሱ ኋላ ቪትዝ የሚነዳ አባት አለ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ከተለቀቀ ቆይቷል፣ ከበር ጠባቂው ጋር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ለዚህ አባት በዚያች ሰዓት ዓለም ማለት የሚኒባሱ የኋላ ክፍል ነው። አንዴ ክላክስ ያደርጋል፣ ይደግማል፤ ወደ ግራ ስፖኪዮው ያያል፣ ክፍተት ያገኛል፣ ፍሬቻ ሳያበራ መሪውን ወደ ግራ ሰብሮ ነዳጅ ይረግጣል። በዚያው ቅጽበት ፌስታል የያዘች ሴት በሚኒባሱ ፊት ለፊት በዜብራው እየተሻገረች ነው፤ እርሷ እርሱን አታየውም፣ እርሱም እርሷን አያያትም፣ በመካከላቸው ሚኒባስ አለና።

ያልተጨነቀ ሹፌር በዚህ ቦታ ላይ አንዲት ጥያቄ በውስጡ ትመጣበታለች፦ ይህ መኪና ዜብራ ላይ የቆመው ለምንድን ነው? መልሱ ሰው ለመጫን ሊሆን ይችላል፣ ሰው ለማሳለፍም ሊሆን ይችላል። ጥያቄዋ ከመጣች እግሩ ሳያዝዘው ወደ ፍሬን ይሄዳል። የተጨነቀው አባት ግን መልሱን አስቀድሞ ወስኗል፤ ሚኒባሱ የቆመው እርሱን ለማጓተት ነው። ውጥረት ከዐይን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ይህችን ጥያቄም ይወስዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የሐሳብ መበታተን ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢያዘገየው 5 ሜትር ተኩል ያህል ፍሬን ሳይያዝ አለፈ ማለት ነው። ከሚኒባስ ፊት ብቅ ያለች ሴትና መኪናው በሚገናኙበት ቦታ ላይ 5 ሜትር ተኩል ሁሉ ነገር ነው፤ መንገዱ በዝናብ ሲረጥብ ደግሞ ፍሬን ተይዞም መኪናው ከደረቁ ጊዜ ይልቅ ርቆ ነው የሚቆመው።

ጭንቀት ወደ ንዴት ሲለወጥ ነገሩ ይብሳል። በአሜሪካ ከ3,500 በላይ በሚሆኑ ሹፌሮች መኪና ውስጥ ካሜራ ተገጥሞ በተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ በግልጽ በሚታይ ንዴት፣ ሐዘን፣ ለቅሶ ወይም የስሜት መረበሽ ውስጥ ሆኖ መንዳት አደጋ የመድረስ ዕድሉን ወደ 10 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚያደርገው ተመልክቷል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ንዴቱን የሚገልጽበት መንገድ በጣም ጥቂት ነው። በእግር መንገድ ላይ ሰው ሲገፋን «ይቅርታ» ይለናል፣ እኛም «ምንም አይደል» እንላለን፤ በመስታወት ውስጥ ግን ይቅርታ አይሰማም። የሚሰማው ክላክስ ብቻ ነው፤ ክላክስ ደግሞ «ተጠንቀቅ» ለማለት የተነፋውን ከስድብ ለይቶ አያሰማም። ከዚህም የተነሣ በተሳሳተ መሥመር ገብቶ የተደናገጠውን ሰው፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ መንገዱ የጠፋበትን ሰው፣ ሕመምተኛ ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚጣደፈውን ሰው ሁሉ እንደ ባለጌ እናያቸዋለን።

ንዴት ሲመጣ መቆጣጠር አይቻልም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ዱብና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላም ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ መኪና ከሌሎች መኪናዎች ፊት እያቆሙ የኋላው ሹፌር ምን እንደሚያደርግ ተከታተሉ። የቆመው መኪና አዲስና ውድ ሲሆን ሰዎች ክላክስ ለማድረግ ዘገዩ፣ ብዙዎቹም ተዉት፤ አሮጌ ሲሆን ግን ፈጥነው አንባረቁበት። ይህን ለማመን ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከፊታችን ያለው የፖሊስ መኪና ሲሆን እጃችን ወደ ክላክስ የማይሄደው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በንዴት ውስጥም ቢሆን ማን ፊት እንደቆመ የሚመዝን ክፍል በውስጣችን ነቅቶ ይገኛል፤ ለትራፊክ ፖሊስ የምናሳየውን ትዕግሥት ለአሮጌ ላዳና ለእግረኛ ለማሳየት የሚያንሰን አቅም የለም።

ሆኖም ሹፌሮችን «ታገሡ» ብሎ መምከር ብቻውን ሩቅ አያደርስም፤ ይህንን አጥብቄ ልናገር እወዳለሁ። አብዛኛው ውጥረት የሚመረተው በመንገድ ላይ አይደለም። የሚኒባስ ሹፌርን ቀን ተመልከቱ። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው የተወሰነ ገንዘብ አለ፤ መንገዱ ቢዘጋም፣ ነዳጅ ለመቅዳት ረጅም ሰልፍ ቢቆምም፣ ቅጣት ቢቀጣም ያ ሂሳብ አይቀነስለትም። የእርሱና የወያላው እንጀራ የሚገኘው ከዚያ ከተረፈው ነው። ስለዚህ ከካሳንቺስ ፒያሳ በሚደረግ እያንዳንዱ ምልልስ የሚባክን ደቂቃ ለእርሱ ከልጆቹ ጉርሻ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሥራ የጀመረ ሹፌር ማታ 3 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ይህ መጠን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሹፌር የተከለከለ ድንበር ነው። ቡናና ጫት ድካሙን ለጊዜው ይሸፍኑታል እንጂ እንቅልፉን አይተኩም። መጠጥ ያልቀመሰ፣ ጾሙን የሚጾም፣ ጨዋ ሰው በዚህ መንገድ እንደ ጠጣ ሰው ሆኖ ሊነዳ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት የሚነዱትም ቢሆኑ የራሳቸው ጫና አለባቸው። ከኋላ ወንበር ሆነው በስልክ የሚቆጡ፣ ሰዓት ያለፈባቸው ራሳቸው ሆነው ሳለ ሹፌሩን የሚያጣድፉ ኃላፊዎች አሉ። ዕቃ የሚያመላልሱትን ደግሞ ከመጋዘን «የት ደረስክ?» የሚል ስልክ በየጊዜው ይከተላቸዋል። በስልክ ጥሪ የሚሠሩ የታክሲ ሹፌሮች ዐይናቸው ከመንገዱና ከስልካቸው ማያ መካከል ሲመላለስ ይውላል። ሬደልማየርና ቲብሺራኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት በስልክ እያወሩ መንዳት የመጋጨትን ዕድል ወደ 4 እጥፍ ያደርሰዋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ማውራቱም የጎላ ጥቅም አላሳየም። ምክንያቱም እጅን ነጻ ማድረግ ሐሳብን ነጻ አያደርገውም፤ በተለይም በስልኩ ውስጥ የሚመጣው ቁጣ ወይም ክፉ ወሬ ከሆነ።

በዚህ ላይ ከራሳችን ባህል አንድ ነገር ላንሣ። አባቶቻችንና እናቶቻችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቁበታል። የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው ወሬውን ብቻውን ሆኖ፣ በመንገድ ላይ ወይም በሥራ ቦታ እንዲሰማ አይፈቅዱም፤ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ቤቱ ሄዶ፣ የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ መኖሩን አረጋግጦ ይነግረዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ዕውቀት አለ፤ ከባድ ወሬ ጉልበትን እንደሚያርድ፣ ዐይንን እንደሚጋርድ፣ የሰማው ሰው ለራሱም ለሌላም እንደማይሆን ያውቃሉ። እኛ ግን ይህንኑ ወሬ ዛሬ በስልክ እየደወልን ቸርችል ጎዳናን በመውረድ ላይ ላለ ሰው እንነግረዋለን። ሞት ባይሆንም የሥራ መባረርን፣ የልጅ መታመምን፣ የቤት ኪራይ መጨመርን እንዲሁ እናደርሳለን። ደዋዩ ከሰላምታው ቀጥሎ «እየነዳህ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱ «አዎ» ከሆነ «በል ስትቆም ደውልልኝ፣ አያስቸኩልም» ብሎ ቢዘጋ፣ ያችን መርዶ የመንገር ጥበብ ወደ መሪው አደረሳት ማለት ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሕግም የማያስፈልገው፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው ነገር ይህ ነው፤ ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች «እኔ ስጨነቅ ይብሱኑ ነው የምጠነቀቀው» ይሉኛል። በከፊል እውነት አላቸው። የርክስና ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ መጠነኛ ንቃት ሥራን እንደሚያሻሽል፣ ከመጠን ያለፈው ግን ሥራው ከባድ በሆነ ቁጥር ቶሎ እንደሚያበላሸው ታይቷል። በባዶ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ጥቂት መወጠር እንቅልፍን ያባርራል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት መንዳት ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከቀኝ የሚጠመዘዘውን፣ ከግራ የሚደርበውን፣ ታክሲ ለመያዝ የሚሯሯጠውን ሰውና የትራፊክ ፖሊሱን እጅ ባንድ ጊዜ ማንበብ ይጠይቃል። መንጃ ፈቃድ ያወጡ ገና ጥቂት ወራት የሆናቸው ሹፌሮች ደግሞ ማርሽና ፍሪሲዮኑ ራሱ ገና ሐሳባቸውን ስለሚወስድባቸው ለጭንቀት የሚተርፍ ቦታ የላቸውም። ከኋላቸው ክላክስ የምናንባርቅባቸው እኛ ምን እያደረግንባቸው እንደሆነ ብናውቅ መልካም ነው።

ፍጥነት ጨምሮ የሚገኘውን ጊዜም እስቲ እናስላው። 5 ኪሎ ሜትር መንገድ በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዱ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ40 ሲነዱ 7 ደቂቃ ተኩል። ትርፉ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ እርሱም መብራት ላይ ከተያዙ ይመለሳል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው የአማካይ ፍጥነት በ1 ከመቶ መጨመር ሞት የሚያስከትል አደጋን ዕድል በ4 ከመቶ ይጨምራል።

መንገዱም ድርሻ አለው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማዋ ያጸደቀችው የመንገድ ደኅንነት ፖሊሲ መነሻው ሰው መሳሳቱ አይቀርም የሚል ነው፤ ስለዚህ አንድ ስሕተት የሰው ሕይወት እንዳያስከፍል መንገዱ ራሱ መሠራት አለበት ይላል። በእኔ እምነት የተጨነቀውን ሹፌር በዚህ ዐይን ማየት አለብን። በለገሃር መስቀለኛ መንገድ ቀደም ሲል የተደረገው ማሻሻያ የመኪና መታጠፊያውን አጥብቦ የእግረኛውን መሻገሪያ ያሳጠረ ነበር፤ በቅርቡ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም እግረኛው ወደ አስፋልቱ ሳይወርድ እንዲሄድ ይረዱታል። መንገድ መሀል ላይ ቆም የሚባልበት ደሴት ያገኘ እግረኛ፣ ሹፌሩ ባያየው እንኳ እርሱ ሹፌሩን አይቶ የሚጠብቅበት ቦታ አለው። ሆኖም አስፋልቱ በተዋበና በሰፋ መጠን መኪናው ይፈጥናል፤ ስለዚህ መሻገሪያዎቹ ከፍ ብለው ቢሠሩና ታክሲ መጫኛው ከዜብራው ራቅ ቢል፣ ቅድም ያየነው አባትና ያቺ ሴት በዚያ ሁኔታ ባልተገናኙ ነበር።

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች የመንገድ ምልክቶችንና የመኪናን አካላት በደንብ ያስተምራሉ፤ ሠልጣኙ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ዘይትና ጎማ እንዲያይ ይነገረዋል። የራሱን ሁኔታ እንዲያይ ግን ማንም አይነግረውም። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ? አሁን የተናደድሁበት ሰው አለ? የምቸኩለው በእርግጥ የሚያስቸኩል ነገር ኖሮ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከዘይት መለኪያው ጋር አንድ ላይ ቢገቡ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል። አሠሪዎችም ለሹፌሮቻቸው የሚሰጡትን የመድረሻ ሰዓት የመሀል ከተማውን መጨናነቅ አስበው ቢወስኑ፣ የመኪና ባለንብረቶችም መንገድ በተዘጋበት ወይም ነዳጅ በጠፋበት ቀን ከዕለት ሂሳቡ ላይ ቢቀንሱ፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይሠራል። ትራፊክ ፖሊሶቻችንም ሹፌርን ቀጥተው ሲለቁ ልቡ እየመታ፣ ዐይኑ ቀልቶ በዚያው ፍጥነት ወደ መንገዱ እንዳይገባ «ትንሽ ተረጋጋና ትሄዳለህ» የሚል ቃል ቢጨምሩ የቅጣቱ ዓላማ ይሳካል።

በመጨረሻ፣ መኪና ውስጥ እያለ ጭንቀቱ የበረታበት ሰው ምን ያድርግ የሚለውን ልመልስ። በዋና ጎዳናዎቻችን ዳር መቆም አብዛኛውን ጊዜ የተከለከለ በመሆኑ ሹፌሩ እዚያው ዳር ይዞ ልቁም ቢል ሌላ ጭንቀት ይገዛል። ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ መግባት፣ ካልሆነም መስቀል አደባባይ ሥር እንዳለው ያለ መኪና ማቆሚያ ገብቶ መቆም ይሻላል። ሞተሩን ያጥፋ፤ ስልኩንም እንዲሁ። ትንፋሹን ሲያስወጣ ከሚያስገባው ይልቅ እያረዘመ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ብቻ ቢተነፍስ የልቡ ምት መርገብ ይጀምራል፤ ይህ አድሬናሊኑን ይመለከታል። ኮርቲዞሉ ግን ጊዜ ይፈልጋልና፣ የገጠመው ነገር ከባድ ከሆነ ከመኪናው ወርዶ በአቅራቢያው ሻይ ይጠጣ፣ በእግሩ ይንቀሳቀስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ያረፈደበትን ሰው ግን ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ሳይሆን፣ ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ ደውሎ «እዘገያለሁ» ይበለው።